ስድስት ኪሎ ያለውን ሙዚየም ሄዳችሁ እዩት

ያደግሁት ሽሮ ሜዳ ነው። አባቴ ሸማኔ ነው። የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየምንም የማየው በሸማኔ ልጅ ዓይን ነው።

ቤቱ ድሮ የጃንሆይ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነበር። መኝታ ክፍላቸው አሁንም ይታያል። መስታወቱ ላይ ያለችውን የጥይት ቀዳዳ እንዳታልፏት፤ የታኅሣሥ 1953ቱ ግርግር፣ ማለትም የከሸፈው መፈንቅለ መንግሥት ትዝታ ናት።

በጣም የወደድኩት አደራደሩን ነው። ዕቃው በብሔር በብሔር አልተከፋፈለም። ልጅነት፣ ጉልምስና፣ ሞት እያለ የሰውን ዕድሜ ተከትሎ ይሄዳል።

እደ ጥበቡ ጋ ስደርስ ሆዴ ባባ። አባቴን «ቁጢት በጣሽ» እያሉ ይሰድቡት ነበር። ቀጥቃጩን ደግሞ ቡዳ ይሉታል። ሸክላ ሠሪዋም፣ ቆዳ ፋቂውም ከስድብ አላመለጡም። እዚህ ግን የባለሙያ እጅ ሥራ ንጉሥ ቤት ገብቶ በክብር ተቀምጧል። ይሄን ማየት ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።

ክታቦቹን ቀስ ብላችሁ እዩ። ጠባብ የብራና ጥቅልሎች ናቸው። ርዝመታቸው በባለቤቱ ቁመት ልክ ይሠራ ነበር፤ ከራስ እስከ እግር እንዲጠብቀው ነው። የተሳሉት ትልልቅ ዓይኖች ፍጥጥ ብለው ያዩዋችኋል።

ልጆች ካሏችሁ ይዛችሁ ሂዱ። ሉሲ ያለችበት ብሔራዊ ሙዚየም በእግር ይደረሳል። ሁለቱን በአንድ ቀን ግን አትደርቡ። ይሄኛው ብቻውን ግማሽ ቀን ይገባዋል።