የግል ድርጅቶች ሠራተኞች ጡረታ፤ በ47 ዓመቱ መቆጠብ በጀመረ ሰው ዓይን

የግል ድርጅቶች ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ ቁጥር 715 በ2003 ዓ.ም. ሲወጣ ዕድሜዬ 47 ነበር። እስከዚያ ድረስ በግል ድርጅቶች ውስጥ በሒሳብ ሠራተኛነት ስኖር፣ ዕቁብ በደረሰኝ ቁጥር ለልጆች ትምህርት ቤትና ለቤት ዕድሳት ከማዋል በቀር ለእርጅናዬ ብዬ ያኖርኩት አንድም ብር አልነበረኝም። በዚያ ዕድሜ ከደሞዝ ላይ መቆረጥ ሲጀምር ብዙዎቻችን ቅር ተሰኝተን ነበር፤ «ከእንግዲህ ምን ያህል ልናጠራቅም ነው?» የሚለው ጥያቄ በቢሯችን ለወራት ሲነሳ እንደ ነበር አስታውሳለሁ። 60 ዓመት ሞልቶኝ ሥራ ከለቀቅሁና አበል መቀበል ከጀመርኩ ወዲህ ግን በዚህ ጡረታ ላይ ያለኝ አስተያየት ተለውጧል፤ በተለይም ዘግይተው ለሚጀምሩ ሰዎች ይጠቅማል ብዬ ስለማምን ዝርዝሩን ለመጻፍ ወሰንኩ።

አሠራሩ ይህ ነው። ሠራተኛው ከደሞዙ 7 በመቶ፣ አሠሪው ደግሞ 11 በመቶ ያዋጣሉ፤ በ2014 ዓ.ም. የወጣውና የቀድሞውን የተካው አዋጅ ቁጥር 1268ም ይህንኑ መጠን ይዟል። ቢያንስ 10 ዓመት አገልግሎ 60 ዓመት የሞላው ሠራተኛ፣ ከጡረታ በፊት ባሉት የመጨረሻ ሦስት ዓመታት ካገኘው አማካይ ደሞዝ 30 በመቶውን ዕድሜ ልኩን በየወሩ ያገኛል። ከ10 ዓመት በላይ ለሆነው ለእያንዳንዱ የአገልግሎት ዓመት 1.25 በመቶ ይታከልለታል፤ ጣሪያው 70 በመቶ ነው። የእኔ አገልግሎት 13 ዓመት ስለሆነ 33.75 በመቶ ተሰልቶልኛል።

እነዚህን ቁጥሮች ደጋግሞ ያየ ሰው አንድ ነገር ይገለጥለታል። የመጀመሪያዎቹ 10 ዓመታት እያንዳንዳቸው 3 በመቶ ያህል ሲያስገኙ፣ ከዚያ በኋላ የሚመጡት ግን 1.25 በመቶ ብቻ ነው የሚያስገኙት፤ ጣሪያው ላይ ለመድረስም 42 ዓመት ማገልገል ያስፈልጋል። ስለዚህ ዘግይቶ የጀመረ ሰው፣ አሥሩን ዓመት እስከሞላ ድረስ፣ ከሚያዋጣው አንጻር የሚደርሰው ድርሻ የተሻለ ነው። ለምሳሌ መሠረታዊ ደሞዙ 12,000 ብር የሆነ ሠራተኛ በወር 840 ብር ይቆረጥበታል። ደሞዙ ሳይለወጥ 10 ዓመት ቢቆይ በድምሩ ከኪሱ የሚወጣው 100,800 ብር ነው፤ አበሉ በወር 3,600 ብር ስለሚሆን ያዋጣውን በ28 ወራት ውስጥ መልሶ ያገኛል። የአሠሪው ድርሻ ተጨምሮ እንኳ ቢታሰብ ስድስት ዓመት ይበቃል። በባንክ የቁጠባ ደብተር እንዲህ ያለ ውጤት በ10 ዓመት ማግኘት እንደማይቻል፣ ሥራዬ ቁጥር ስለነበር በሚገባ አውቃለሁ።

ይሁን እንጂ የጡረታው ትልቁ ጉድለትም ከዚሁ ከአሥር ዓመቱ መስመር ጋር የተያያዘ ነው። ዘጠኝ ዓመት ከመንፈቅ አገልግሎ 60 የሞላው ሰው በአንድ ጊዜ የሚከፈል ዳረጎት ይሰጠዋል እንጂ ወርሃዊ አበል የለውም። የስድስት ወር ጉድለት የአንድን ሰው እርጅና ይህን ያህል መለወጡ ከባድ ነው ብዬ አምናለሁ። ቀደም ሲል በመንግሥት መሥሪያ ቤት ያገለገለ ሰው የዚያ ዘመን አገልግሎት ስለሚደመርለት የድሮውን የቅጥር ደብዳቤ ፈልጎ ማቅረብ ይኖርበታል፤ ዕድሜም የሚታየው መጀመሪያ ሲቀጠር ባስመዘገበው መሠረት ነው።

ሁለተኛው ጥንቃቄ ደሞዝን ይመለከታል፤ እኔም የተጎዳሁት በዚህ በኩል ነው። መዋጮውም የጡረታ አበሉም የሚሰላው በመሠረታዊ ደሞዝ ላይ ብቻ ሲሆን የትራንስፖርት፣ የቤትና የኃላፊነት አበል አይቆጠርም። የመጨረሻው አሠሪዬ ለሦስት ዓመታት ያደረገልኝን ጭማሪ ሁሉ በእነዚህ አበሎች መልክ ነበር የሰጠኝ። እኔም የሌላውን ሰው ደሞዝ በየወሩ እየሠራሁ የራሴ ጭማሪ ለጡረታዬ እንደማይቆጠር ልብ ሳልለው ቀረሁ። ወደ 60 የተጠጋ ሠራተኛ ጭማሪ ሲሰጠው፣ በእጁ የሚገባው ትንሽ ቢያንስም እንኳ፣ በመሠረታዊ ደሞዙ ላይ እንዲታከልለት አጥብቆ ቢጠይቅ ይሻለዋል።

አዋጁ ሲወጣ ፕሮቪደንት ፈንድ፣ ማለትም ሥራ ሲለቀቅ በአንድ ጊዜ የሚከፈል የሠራተኞች የቁጠባ ገንዘብ፣ የነበራቸው ድርጅቶች ሠራተኞች በዚያው እንዲቀጥሉ ወይም ወደ ጡረታው እንዲገቡ ምርጫ ተሰጥቷቸው ነበር። በፈንዱ የቀጠለ አንድ ወዳጄ ሥራ ሲለቅ ገንዘቡን በአንድ ጊዜ ተቀብሎ የጀመረውን ቤት ጨርሶበታል፤ ዛሬ የሚኖረው ከአንዱ ክፍል በሚያገኘው ኪራይ ነው። ምርጫው ስሕተት ነበር አልልም። ነገር ግን የጡረታ አበል ተቀባዩ ሲሞት ለባል ወይም ለሚስት የአበሉ 50 በመቶ እየተከፈለ ይቀጥላል፤ ባለቤቴ የራሷ ገቢ ስለሌላት ይህ ለእኔ ከሌላው ጥቅም ሁሉ ይበልጥብኛል።

አበሉ ከገበያ ጋር በየጊዜው አብሮ የሚያድግ አይደለም፤ በደሞዝ ሠላሳ በመቶ ብቻ መኖርም አይቻልም። ስለዚህ እንደ እኔ ዘግይቶ የጀመረ ሰው ይህን እንደ መሠረት ይዞ ከጎኑ ሌላ ነገር፣ የሚከራይ ክፍልም ሆነ አነስተኛ ንግድ፣ ማበጀት አለበት።

ባለፈው ወር በአንድ የግል ድርጅት የምትሠራ ጎረቤቴ ወደ ቤቴ መጥታ ነበር። አሠሪዋ ሳያስመዘግባት ዓመታት ያለፉ ሲሆን፣ «አሁንማ 50 ልሞላ ነው፤ ባይቆረጥብኝ ይሻላል» አለችኝ። የልደት ቀኗን ጠይቄ ወረቀት ላይ አሰላሁላት፤ 49 ዓመት ከስምንት ወር ሆኗታል። 60 እስኪሞላት አሥሩን ዓመት ለመሙላት ከ50 በፊት መጀመር እንዳለባት፣ ለዚህም የሚቀሯት አራት ወራት መሆናቸውን ስትረዳ ወረቀቱን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው፤ በማግሥቱም ይዛው ወደ አሠሪዋ ቢሮ ሄደች።