ድባቴ ወይስ ባይፖላር?

ደሴ ላይ ሰው ከቡና ሲቀር ጎረቤት ቶሎ ይጠይቃል። ድባቴ (ዲፕሬሽን) ግን ከቡና ከመቅረት ይሰፋል፦ ቢያንስ 2 ሳምንት የዘለቀ ሐዘን ወይም የፍላጎት መጥፋት፣ የእንቅልፍና የምግብ መዛባት፣ ራስን መውቀስ፣ ሞትን መመኘት።

ባይፖላር፣ ማለትም ስሜት በሁለት ጫፎች መካከል የሚዋዥቅበት የአእምሮ ሕመም፣ ይህንኑ ያመጣል፤ ግራ የሚያጋባውም ለዚህ ነው። ልዩነቱ ሌላው ጫፍ ላይ ይታያል፦ ለቀናት፣ አንዳንዴ ከ1 ሳምንት በላይ፣ ጥቂት ተኝቶ አለመድከም፣ ያለማቋረጥ ማውራት፣ የሐሳብ መሽቀዳደም፣ በሬ ሸጦ ገንዘቡን መበተን። ቤተሰብ «ተሻለው፣ ጨዋታው ተመለሰ» ብሎ ያልፈዋል (ወሎ ጨዋታ ይወዳላ!)። ለሐኪም መነገር ያለበት ግን ይሄው ነው፤ የድባቴ መድኃኒት ብቻውን ከተሰጠ ባይፖላር ያለበትን ሰው ወደዚያ ጫፍ ሊገፋው ይችላል። ሞትን የሚያነሳ ሰው ካለ ጸበሉም ዱዓውም ይቀጥል፤ ሆስፒታል የሚኬደው ግን ዛሬውኑ ነው።