ሂዩማን ሞርታሊቲ ዳታቤዝ፦ የጎልማሳ ወንዶችን ሞት ከዘመን ዘመን ለማነጻጸር ምን ያህል ይጠቅማል?

አጎቴ በሰፈራቸው እድር ለብዙ ዓመታት በጸሐፊነት አገልግለዋል። ባለፈው ክረምት ከአንድ ጎረቤታቸው ቀብር ስንመለስ የሟቹን ዕድሜ አንሥተው፣ «ልጄ፣ ቁጥር የምታስተምረው አንተ ነህ፤ ገና በሃምሳዎቹ ያለ ወንድ እየረገፈ ነው፤ ድሮም እንዲህ ነበር ወይ?» ብለው ጠየቁኝ። ቤት ስንደርስ የእድሩን መዝገብ አወጡልኝ። የሟቹ ስም፣ የቀብሩ ቀንና ለቤተሰቡ የተከፈለው ገንዘብ በጥንቃቄ ተጽፏል፤ የዕድሜ ዓምድ ግን የለም። እድሩ ሲቋቋም አብዛኞቹ አባወራዎች በሠላሳዎቹ ውስጥ ነበሩ፤ አዲስ ገቢ ጥቂት ስለሆነ አባላቱ አብረው አርጅተዋል። በመሆኑም የሰዉ ጤና ቢሻሻል እንኳ ድንኳኑ ከቀድሞው ይልቅ ደጋግሞ መተከሉ አይቀርም። የአጎቴ ጥያቄ ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ለመመለስ ግን በአንድ በተወሰነ ዕድሜ ስንት ወንዶች እንደሞቱና በዚያው ዕድሜ ስንት ወንዶች በሕይወት እንደነበሩ፣ ሁለቱንም ለየዓመቱ ማወቅ ያስፈልጋል። ይህን አሟልቶ በነጻ የሚያቀርብ፣ ለዓመታት ለማስተማርም ለግሌም የተጠቀምኩበት አገልግሎት ሂዩማን ሞርታሊቲ ዳታቤዝ (የሰው ልጆች ሞት የመረጃ ቋት) ነው። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች፣ በተለይ ካላመለከትኩ በስተቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የመረጃ ቋቱ በ2002 ለሕዝብ የተከፈተው በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ የሥነ ሕዝብ ትምህርት ክፍልና በጀርመን ሮስቶክ ከተማ በሚገኘው የማክስ ፕላንክ የሥነ ሕዝብ ጥናት ተቋም ትብብር ሲሆን፣ በመሪነት የጀመሩት ጆን ዊልሞትና ቭላዲሚር ሽኮልኒኮቭ ናቸው። ዛሬ 40 ያህል አገሮችንና ግዛቶችን ይዟል። የስዊድን መረጃ ከ1751 ይጀምራል፤ የሰበካ ቀሳውስት ልደትና ሞትን እየመዘገቡ ለመንግሥት እንዲያስተላልፉ የሚያደርግ ሥርዓት በዚያች አገር አስቀድሞ ስለተዘረጋ ነው። ፈረንሳይ ከ1816፣ ፊንላንድ ከ1878፣ አሜሪካ ከ1933፣ ሩሲያ ከ1959፣ እስራኤል ከ1983 ጀምሮ አሉ። ክፍያ የለውም፤ በኢሜይል መመዝገብ ብቻ ይበቃል።

የአገሩን ስም ተጭኖ የሞት ምጣኔ የሚለውን ፋይል ማውረድ ቀላል ነው። ፋይሉ ጌጥ የሌለው ተራ ጽሑፍ ሲሆን አምስት ዓምዶች አሉት፤ ዓመት፣ ዕድሜ፣ ሴት፣ ወንድ፣ ድምር። ዕድሜው ከ0 ተነሥቶ «110 እና ከዚያ በላይ» እስከሚለው ድረስ አንድ በአንድ ይወርዳል፤ ከዚያ ቀጣዩ ዓመት እንደገና ከ0 ይጀምራል። ቁጥሮቹ በአስርዮሽ የተጻፉ ስለሆኑ 0.004 ማለት በዓመት ከ1,000 ሰው 4 ሞተ ማለት ነው። ዓምዶቹ የተለያዩት በባዶ ቦታ ስለሆነ በኤክሴል የሚከፍት ሰው ዓምዶቹን መለየት አለበት፤ ይህን ሳያደርጉ የሚሞክሩ ተማሪዎቼ ሁሉም ቁጥር በአንድ ሳጥን ተጨናንቆ ያገኙታል። መረጃው ዕድሜው በአምስት ዓመት፣ ዘመኑ ደግሞ በአምስትና በአሥር ዓመት ተጠቃሎም ይቀርባል፤ ነገር ግን የዚህ አገልግሎት ትልቁ ዋጋ በእኔ አስተያየት ዕድሜ አንድ በአንድ መለየቱ ነው። ለምን እንደሆነ በአንድ የታወቀ ክርክር ላስረዳ።

በ2015 የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲዎቹ አን ኬዝና አንገስ ዲተን ዕድሜያቸው ከ45 እስከ 54 የሆነ፣ ከላቲን አሜሪካ ዘር ያልሆኑ ነጭ አሜሪካውያን የሞት ምጣኔ ከ1999 እስከ 2013 ባለው ጊዜ ከ100 ሺህ ሰው በ34 መጨመሩን አሳተሙ። በሌሎች የበለጸጉ አገሮች የዚያው ዕድሜ ሰዎች ሞት እየቀነሰ ስለነበር ግኝቱ ብዙ ሰው አስደነገጠ። ጥቂት ቆይቶ የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲው የስታቲስቲክስ ምሁር አንድሪው ጌልማን ከባልደረባው ጆናታን አውርባክ ጋር አንድ ነገር አመለከቱ፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የተወለደው ብዙ ቁጥር ያለው ትውልድ በዚያ ጊዜ ውስጥ በዚህ የአሥር ዓመት ክፍል እያለፈ ስለነበር የክፍሉ አማካይ ዕድሜ በግማሽ ዓመት ያህል ከፍ ብሏል። ግማሽ ዓመት ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን በጎልማሳነት አንድ ዓመት በተጨመረ ቁጥር የመሞት ዕድል ከ8 እስከ 10 በመቶ ስለሚያድግ፣ ማንም ሰው ከቀድሞው የባሰ ጤና ሳይኖረው የክፍሉ ምጣኔ ብቻውን ከ4 እስከ 5 በመቶ ሊጨምር ይችላል። 34ቱ ደግሞ ከመነሻው 9 በመቶ ያህል ነው፤ ስለዚህ ከጭማሪው ግማሽ ያህሉ ይህ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ዕድሜው ሲስተካከል ጭማሪው እስከ 2005 ድረስ ታይቶ ከዚያ በኋላ ረጋ፤ በጾታ ሲለይ ደግሞ የሴቶቹ ሞት መጨመሩን ሲቀጥል የወንዶቹ ከ2005 በኋላ ቀንሷል። ሌሎች አገሮች እየተሻሻሉ አሜሪካ ወደ ኋላ መቅረቷ ግን አልተለወጠም፤ ይህን ጌልማንም አልካደም።

የአጎቴ እድርና ይህ ክርክር አንድ ዓይነት ናቸው፤ በሁለቱም ቦታ «ጎልማሳ» ብለን በአንድ ከረጢት ያስገባናቸው ሰዎች በከረጢቱ ውስጥ አርጅተዋል። መፍትሔው በሂዩማን ሞርታሊቲ ዳታቤዝ ሩብ ሰዓት አይፈጅም። ከወንዶች ዓምድ ከ45 እስከ 54 ያሉትን አሥር ቁጥሮች ለእያንዳንዱ ዓመት ደምሮ ለአሥር ማካፈል ነው፤ እያንዳንዱ ዕድሜ በሁሉም ዓመት እኩል ክብደት ስለሚያገኝ የትውልዱ ብዛት ውጤቱን አያዛባም። ተማሪዎቼን መጀመሪያ በተጠቃለለው ፋይል፣ ቀጥሎ በዚህ መንገድ አሠራቸዋለሁ፤ ሁለቱን መስመሮች በአንድ ግራፍ ላይ ሲያዩ ያለ ብዙ ንግግር ይገባቸዋል።

በዚህ መንገድ የሩሲያን ወንዶች መስመር ያወጣ ሰው ረጋ ብሎ ሊመለከተው ይገባል። በ1985 ጎርባቾቭ በአልኮል ላይ ዘመቻ ከጀመሩ በኋላ የጎልማሳ ወንዶች ሞት ወዲያው ወረደ፤ ዘመቻው ላልቶ ሶቪየት ኅብረት ስትፈርስ ደግሞ በአስፈሪ ፍጥነት ወጣ። በ1987 ወደ 65 ዓመት ደርሶ የነበረው ወንዶች ሲወለዱ ይኖራሉ ተብሎ የሚጠበቀው አማካይ ዕድሜ በ1994 ከ58 በታች ወረደ። ዕድሜ በዕድሜ ሲታይ ሕፃናቱና በጣም ያረጁት ብዙም አልተነኩም፤ የተመታው በሥራ ዕድሜ ያለው ወንድ ነው፤ ምክንያቶቹም በዋናነት የአልኮል መመረዝ፣ አደጋና የልብ ሕመም ነበሩ። በአንጻሩ ፊንላንድን የከፈተ ሰው በ1960ዎቹ በልብ ሕመም የሚታወቁት ወንዶቿ ከ1970ዎቹ ጀምሮ እንዴት እንደተረፉ ያያል፤ በሰሜን ካሬሊያ በ1972 የተጀመረው የቅቤ፣ የጨውና የትንባሆ ቅነሳ ሥራ በዚያ ታሪክ ውስጥ ትልቅ ድርሻ አለው።

ጥንቃቄ የሚፈልጉ ነገሮችም አሉ። ፈረንሳይ፣ እንግሊዝና ዌልስ ሁለት ዓይነት ፋይል አላቸው፤ አንደኛው ጠቅላላውን ሕዝብ፣ ሌላው ሲቪሉን ብቻ ይይዛል። ወንዶችን የሚያነጻጽር ሰው ይህን ሳያስተውል ካለፈ የዓለም ጦርነቶቹን ሞት ሳያውቀው ሊያስገባ ወይም ሊያስወጣ ይችላል። እንደ አይስላንድ ባሉ ትንንሽ አገሮች በአንድ ዕድሜ በዓመት የሚሞቱት ወንዶች በጣት የሚቆጠሩ ስለሆኑ መስመሩ ይዘላል፤ እዚያ ዓመቶቹን በአምስት አምስት መጠቅለል ይሻላል። የሞት ምክንያት በእነዚህ የሞት ምጣኔ ፋይሎች የለም፤ ለዚያ ለብቻው የተዘጋጀ መረጃ አለ። ከሁሉ በላይ ጉድለት ሆኖ የሚሰማኝ፣ ነባሮቹን ማኦሪዎች ለይቶ ከሚያሳየው ከኒው ዚላንድ መረጃ በስተቀር፣ ሕዝብን በዘር፣ በትውልድ አገር ወይም በትምህርት ደረጃ አለመለየቱ ነው። የኬዝና የዲተንን ቁጥር ራሱን በዚህ ቋት ማረጋገጥ አይቻልም። በ1991 በዘመቻ ሰሎሞን የሄዱት ወገኖቻችንም በእስራኤል ፋይል ውስጥ ከጠቅላላው ጋር ተደምረው ስለሚገኙ፣ ጎልማሳ ወንዶቻቸው እንዴት እንደሆኑ ከዚያ ለይቶ ማወቅ አይቻልም።

ኢትዮጵያ በዝርዝሩ ውስጥ የለችም። ቋቱ የሚቀበለው የሞት ምዝገባው ሙሉ ለሙሉ ሊባል የሚችልና የሕዝብ ቆጠራው የማያቋርጥ አገር ብቻ ስለሆነ ይህ በጥላቻ ወይም በቸልታ አይደለም፤ እንዲያውም መመዘኛውን አለማላላቱ ቋቱን የማምንበት ምክንያት ነው። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ የወጣው በ2004 ዓ.ም. ሲሆን በአገር አቀፍ ደረጃ ምዝገባ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነው፤ የመጨረሻው የሕዝብ ቆጠራም የ1999 ዓ.ም. ነው። በዚህ መሐል ሊጠቀስ የሚገባው በአዲስ አበባ ከ2001 ጀምሮ በየመካነ መቃብሩ የተካሄደው የቀብር ምዝገባ ጥናት ነው። በየቤተ ክርስቲያኑና በሙስሊሙ መቃብር የሚቀበረውን ሰው ዕድሜና ጾታ በመመዝገብ፣ የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በ2005 በነጻ መሰጠት ከጀመረ በኋላ የጎልማሶች ሞት በግልጽ መቀነሱን ለማሳየት አስችሏል። በኢትዮጵያ የጎልማሳ ወንድ ሞት ከዘመን ዘመን እንዴት እንደተለወጠ ለሚጠይቅ ሰው ይህን ሥራ ከማንኛውም ሌላ ምንጭ አስቀድሜ እጠቁማለሁ።

የተባበሩት መንግሥታት የሥነ ሕዝብ ክፍል ለኢትዮጵያም ጭምር ከ1950 ጀምሮ ዕድሜ በዕድሜ የተለየ ቁጥር ያቀርባል፤ ከቆጠራና ከቤት ለቤት ጥናቶች ተነሥቶ በሞዴል የተሰላ ግምት ስለሆነ ግን በመዝገብ ከተቆጠረው የስዊድን ወይም የፊንላንድ ቁጥር ጎን እንደ እኩያው ማስቀመጥ አይገባም። ለመምህራን፣ ለጤና ባለሙያዎች፣ ለጋዜጠኞችና በአንድ ዜና ላይ «የጎልማሶች ሞት ጨመረ» የሚል አንብቦ ራሱ ማጣራት ለሚፈልግ ማንኛውም ሰው ሂዩማን ሞርታሊቲ ዳታቤዝን ያለ ማመንታት እመክራለሁ። ቁጥሮቹ አዲስ መረጃ ሲገኝ ወደ ኋላም ስለሚታረሙ፣ በፋይሉ የመጀመሪያ መስመር ላይ የተጻፈውን የታደሰበትን ቀን ከሥራችሁ ጋር መዝግባችሁ ያዙ።