ስፖኪዮው ዝም አለ፤ ሮያል ኤንፊልድ ክላሲክ 350 ከአስር ወር በኋላ

ክላሲክ 350 ሞተር ሳይክሌን ስገዛ ንዝረቱን ተቀብዬ ነው የገዛሁት። የኤንፊልድ ወዳጆች መጀመሪያ የሚነግሩህ እሱን ነውና። እጅ ያደነዝዛል፣ ብሎን ያላላል፣ ስፖኪዮ ላይ ከኋላህ የሚመጣው ምን እንደሆነ አትለይም ይሉሃል። ደግሞ ቡሌት የምትባለውን የድሮዋን ኤንፊልድ የነዳ ሰው ይህን የሚያወራው ሲያማርር አይደለም። እያቆላመጠ ነው። እኔም ልታገሠው ተዘጋጅቼ ነበር።

በመጀመሪያው ሳምንት ሰፊ መንገድ አገኘሁ። አምስተኛ ማርሽ አስገባሁ፣ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ላይ ያዝኳት። ከኋላዬ የጭነት መኪና ነበር። በቀኝ ስፖኪዮ ስመለከት መኪናውን ብቻ አይደለም ያየሁት፣ የፊት መስታወቱ ጥግ ላይ የተለጠፈችውን ክብ ወረቀት ሳይቀር አየኋት። አረንጓዴ ነበረች። ጠርዟ እንኳን አልደበዘዘብኝም። ተሳስቼ እንዳይሆን ደግሜ አየሁ። ያው ነው።

ይኸው አስር ወር ሆነኝ፣ ዛሬም ያው ነው። ስለዚህች ሞተር የሚጠይቀኝ ሰው ሁሉ መጀመሪያ ስለ ስፖኪዮው ነው የምነግረው።

ነገሩ ተራ አይደለም። ኢንጂኗ 349 ሲሲ ነው፣ ሲሊንደሩም አንድ ብቻ። የሲሊንደሩ ስፋት 72 ሚሊ ሜትር ሲሆን ፒስተኑ የሚመላለስበት ርቀት ደግሞ 85.8 ሚሊ ሜትር ነው። ስለዚህ አንድ ትልቅ ፒስተን ረጅም መንገድ ሽቅብ ቁልቁል ይሮጣል፣ አጠገቡ ደግሞ በተቃራኒው እየሄደ የሚያካክስለት ሌላ ፒስተን የለም። የድሮው ንዝረት ምንጩ ይኸው ነበር። መጀመሪያ በ2020 ሚቲየር በተባለው ሌላው ሞዴላቸው፣ በ2021 ደግሞ በክላሲክ ላይ የመጣው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው) አዲሱ ኢንጂን ውስጥ ማመጣጠኛ ዘንግ አለ። ክብደት ያለው ዘንግ ነው፣ የፒስተኑን ምልልስ ወደ ዙር ከሚቀይረው ክራንክሻፍት ጋር በተቃራኒ አቅጣጫ ይሽከረከራል። ፒስተኑ ሲወጣ ክብደቱ ይወርዳል፣ ሲወርድ ይወጣል፤ አንዱ የሌላውን ግፊት ይውጠዋል። ዱግ ዱግ የሚለው ድምፅ ግን የትም አልሄደም። እሱ የሚመጣው ከንዝረቱ አይደለም፣ አንዱ ሲሊንደር ረጋ ብሎ፣ በየሁለት ዙሩ አንዴ እየተኮሰ በማርሚታው ሲተነፍስ ነው። ድምፁን ትተው ንዝረቱን መውሰዳቸው ለእኔ ትልቅ ሥራ ነው።

እዚህ ላይ የሞተሯ ሻጭ ሳይሆን ሌላ ሱቅ ያገኘሁት አንድ ሻጭ ትዝ ይለኛል። “በዚህ ገንዘብ የዚህን እጥፍ የፈረስ ጉልበት እሰጥሃለሁ” ብሎኝ ነበር። ወንድሜ፣ ቁጥሩ ላይ አልከራከርህም። የእኔዋ 20.2 የፈረስ ጉልበት ነው ያላት፣ ክብደቷ ደግሞ 195 ኪሎ። ሽቅድምድም ለሚፈልግ እኔ ራሴ አንተ ጋ እልከዋለሁ። ግን ሙሉ የመጎተት ኃይሏን፣ 27 ኒውተን ሜትሩን፣ የምታገኘው ኢንጂኑ ገና በደቂቃ 4000 ዙር ሲዞር ነው። ያንተዋ አቅሟን ለማውጣት ጩኸት ያስፈልጋታል፤ ይቺ አቀበቱን በረጋ ድምፅ ነው የምትወጣው። እኔ በየቀኑ የምነዳው ደግሞ እዚያ ዙር ላይ ነው፣ ወረቀትህ ላይ ያለው ትልቁ ቁጥር የሚገኝበት ጋ ደርሼ አላውቅም፣ መድረስም አልፈልግም።

“ስም ነው የምትገዛው” ያለኝም አለ። አዎ፣ ስምም ገዝቻለሁ። ስሙ ምን እንደተሸከመ ስለማውቅ ነው። እንግሊዝ አገር፣ ሬዲች ከተማ፣ የኩባንያው የመጀመሪያዋ ሞተር ሳይክል የወጣችው በ1901 ነው። ኩባንያው ኤንፊልድ ለሚገኘው የመንግሥት የጦር መሣሪያ ፋብሪካ ዕቃ ያቀርብ ስለነበር ስሙንም፣ “እንደ ጠመንጃ የተሠራ” የሚለውን መፈክሩንም ያገኘው ከዚያ ነው። ቡሌት የሚለው ስም በ1932 መጣ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የሕንድ ጦር ለድንበር ጥበቃ ቡሌት 350ን መረጠ፣ በ1955 ማድራስ ላይ፣ የዛሬዋ ቼናይ ማለት ነው፣ ኤንፊልድ ኢንዲያ ተቋቋመ።

ከዚያ የሆነው ነው ልቤን የሚነካው። የሬዲች ፋብሪካ በ1967 ተዘጋ፣ ብዙም ሳይቆይ የእንግሊዙ ኩባንያ ራሱ ከሰመ። ሕንድ ያለው ልጁ ግን መሥራቱን አላቆመም። ያችኑ ቡሌት፣ ከሞላ ጎደል በዚያው መልኳ፣ ለአሥርት ዓመታት አወጣት። በ1994 አይሸር ወደሚባለው የሕንድ ኩባንያ ተጠቃለለ። በ2017 ደግሞ ተመልሶ እንግሊዝ ገባ፣ ብሩንቲንግቶርፕ ላይ የምርምር ማዕከል ከፈተ። ልጅ አድጎ፣ ሠርቶ፣ ወደ አባቱ አገር በራሱ ገንዘብ ሲመለስ ማለት ነው። የሞተሯን ፊት ግን አልነኩትም። ከዋናው መብራት ግራና ቀኝ ያሉት ሁለቱ ትናንሽ መብራቶች፣ የነብር ዓይን የሚሏቸው፣ አሁንም እዚያው አሉ። የለወጡት ውስጧን ነው።

ስለ ሌላው ብዙ የምለው የለኝም። ፍሬኑ ይይዛል፣ ካቴናውን በጊዜው አጠብቃለሁ፣ 13 ሊትሩ ታንክ ይበቃኛል። ቁልቁለት ላይ አቁመህ ወደ ኋላ ስትገፋት 195 ኪሎው ይሰማሃል፣ ስለዚህ አቋቋምህን አስቀድመህ አስብ።

ባለፈው ወር አንድ ትልቅ ሰው ሞተሯ እንደቆመች ከበው ከበው አዩዋት። በወጣትነታቸው ቡሌት ነበረቻቸው። “ጋሼ፣ ይሞክሯት” ብዬ ቁልፉን ሰጠኋቸው። ተቀምጠው ፍሪሲዮኑን ያዙና በቀኝ እግራቸው ማርሽ ፈለጉ። የድሮው ቡሌት ማርሹ በቀኝ ነበራ፤ ፍሬን ረገጡ። “በግራ ነው ጋሼ” አልኳቸው። “በግራ አደረጉት?” አሉና ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ ሄዱ። ድምፁ ከመታጠፊያው ወዲያ ሲርቅ፣ ቆይቶም ሲመለስ ቆሜ አዳመጥኩ። ወርደው ቁልፉን ከመለሱልኝ በኋላ ቀኝ እጃቸውን ዘርግተው መዳፋቸውን አዩት። ጣቶቻቸውን አንዴ ጨበጥ፣ አንዴ ፈታ አደረጉ።

“አልደነዘዘም እኮ ልጄ” አሉኝ።