ለጠፋ የዜኖን መብራት፦ ሐዋሳ ያለ አንድ የመኪና ኤሌክትሪክ ቤት

የቆየ መርሴዲስ ወይም ቢኤምደብሊው አንድ ዓይኑ ሲጠፋ ስንቱ ጋራዥ «ባላስት (የአምፖሉን ኤሌክትሪክ የሚቆጣጠረው ሳጥን) ግዛ» ይላል! እዚህ ቤት መጀመሪያ ፊውዝ ያያሉ፤ ከዚያ ባትሪ ነቅለው የግራና የቀኙን አምፖል ያቀያይራሉ። የአምፖሉ ማስነሻ (ኢግናይተር) ከ20,000 ቮልት በላይ ስለሚተኩስ ጥንቃቄው ተገቢ ነው። ብልሽቱ ከአምፖሉ ጋር ከዞረ ጥፋቱ የአምፖሉ ነው፤ እዚያው ከቀረ ባላስቱን፣ ማስነሻውን ወይም ሽቦውን መጠርጠር ነው። ብርሃኑ ወደ ሮዝ ካደላ አምፖሉ አርጅቷል፤ ጥንዱን ካልቀየሩ ቀለማቸው አይገጥምም። ባላስቱ ከዛገ ውሃ ያስገባውን ጎሚኒም (የጎማ ማሸጊያ) አብረው ይቀይራሉ።

ቅር የሚለው የሚሸጡት አምፖል ነው፤ ባለ6,000 ኬልቪን (የብርሃን ቀለም መለኪያ)፣ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ፣ ዝናብ ላይ ደካማ። ባለ4,300 ይዘው ይሂዱ፤ ግን የድሮው ላይ የተጻፈውን ያንብቡ፣ ዲ1ኤስ የተባለው የአምፖል ዓይነት በዲ2ኤስ ቦታ አይገባም።