የጭስ በርሜል ልትገዙ ያሰባችሁ ጎንደሬዎች፣ ቀብድ ከመስጠታችሁ በፊት

ሰሞኑን ከተማችን ውስጥ በቴሌግራም የሚዞር የሥጋ ማጨሻ በርሜል አለ። «በሁለት ሰዓት በእጅ የሚበጣጠስ ለስላሳ ሥጋ» ይላል ማስታወቂያው። ጎረቤቴ ለፋሲካ ብሎ ገዛው። ገልብጠን አየነው፤ ጉድ ነው።

ሲጀመር ሁለት ሰዓት የሚባል ነገር የለም። ሙያው የአሜሪካኖች ነው፤ እነሱ የሚሠሩት በአሳማ ትከሻ ነው። እኛ ዘንድ አሳማው ይቅርና በበሬ ወይም በበግ ትከሻ ይሆናል። ሥጋው የሚበጣጠሰው ጅማቱ ቀስ ብሎ ሲቀልጥ ነው። ለዚህ ከ107 እስከ 121 ዲግሪ በሆነ ሙቀት ብዙ ሰዓት ይፈልጋል፤ ትልቅ የበሬ ትከሻ ቀኑን ሊጨርስ ይችላል። መሃል ላይ፣ 70 ዲግሪ አካባቢ፣ የሥጋው ሙቀት ቀጥ ይላል። ላዩ ላይ የሚተነው እርጥበት ስለሚያበርደው ነው። ከሰል አትጨምሩ፤ በፎይል ጠቅልላችሁ ታገሱ።

አብሮ የሚሰጠው ወረቀት ደግሞ «ውስጡ 96 ሲሞላ አውጡ» ይላል። የባሕር ዳርቻ ሰው የጻፈው መሆን አለበት! ጎንደር ከባሕር ወለል ከ2,100 ሜትር በላይ ናት፤ ውሃ የሚፈላው በ93 ዲግሪ ገደማ ነው። 96ን ስትጠብቁ ሥጋው ይደርቃል። 90 ሲጠጋ በሹካ ወጋ አድርጉት፤ ያለ ትግል ከገባ በስሏል።

የባሰው ግን በርሜሉ ነው። የውስጡ ቀለም አልተነሳም። ቀድሞ ምን እንደተሞላበት ሻጩም አያውቅም። ሥጋው የሚቀመጥበት ሽቦ ዚንክ የተለበጠ ነው፤ ዚንክ በኃይለኛ እሳት ሲቃጠል የሚወጣው ጭስ ያሳምማል። የሚያውቁ በያጆችን ጠይቁ። የአየር መዝጊያም የለውም፤ ስለዚህ እሳቱን ማብረድ አይቻልም። የክዳኑን ቴርሞሜትር የፈላ ውሃ ውስጥ ብንነክረው 70 ላይ ቆመ።

«ወይራ» ተብሎ በጆንያ የተሰጠውስ? ባሕር ዛፍ! ጋን ያጠነች ማንኛዋም እናት በጠረኑ ትለየዋለች።

ሻጩ «ደረሰኝ የለም፣ መመለስ የለም» ባይ ነው። አትስሙት። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበትን ዕቃ በ15 ቀን ውስጥ መልሶ ማስለወጥን ወይም ገንዘብ ማስመለስን ይፈቅዳል። የቴሌግራሙን ንግግርና የባንክ ማስተላለፊያውን አታጥፉ፤ ወደ ንግድ ጽሕፈት ቤት ስትሄዱ ይዛችሁ የምትገቡት እሱን ነው።

ማጨሻው የግድ ካስፈለጋችሁ ለምታውቁት በያጅ በአዲስ ላሜራ አሠሩ። ከታችና ከላይ የሚከፈትና የሚዘጋ ቀዳዳ ይኑረው።