ልጅ ይዛችሁ ናይሮቢ ለምትሄዱ፦ ክርስቲያን ኢንተርናሽናል ትምህርት ቤት አዳሪ ይሻላል ተመላላሽ?

ሰሞኑን እዚህ ጅማ ሦስት ሰው ያንኑ ጥያቄ ጠየቀኝ። አንዷ ጎረቤቴ ናት፣ ባሏ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ቂጦ ፉርዲሳ ካምፓስ ያስተምራል፣ አሁን ለፒኤችዲ ቤተሰቡን ይዞ ናይሮቢ ሊሄድ ነው። እኛም በባለቤቴ ሥራ ምክንያት እዛ ሦስት ዓመት ኖረን ስለተመለስን ቡና በተፈላ ቁጥር "አንቺ ታውቂያለሽ፣ ልጄን የት ላስገባ?" እባላለሁ። ለእያንዳንዱ ከምደጋግመው ይኸው ጻፍኩት። የኔን ምርጫ ከወዲሁ ልናገር፣ ተመላላሽ ነው፣ ያውም የካምብሪጅ (የእንግሊዙ ፈተና አዘጋጅ ድርጅት) የፈተና ማዕከልነቱ የተረጋገጠ ተመላላሽ። ይሄን ያወቅኩት ብዙ ብር ከስሬ ነው።

መጀመሪያ የገባንበትን ስሙን አልጠራም። በር ላይ "ክርስቲያን ኢንተርናሽናል" የሚል ትልቅ ሰሌዳ አለ፣ ዩኒፎርሙ ያምራል፣ ዳይሬክተሩ ጸሎት አድርጎ ነው የተቀበለን። ዋጋው በዓመት 2,800 ዶላር ነበር፣ ሌላ ያየነው ደግሞ 4,500፣ እኛም 1,700 ዶላር ተረፈልን ብለን ደስ አለን። ለማመልከቻ 100፣ ለመያዣ 500 ከፈልን፣ ሁለቱም አይመለሱም። "የካምብሪጅ ካሪኩለም እንከተላለን" ነው ያሉን፣ እኔም "እንከተላለን" ማለት "የተመዘገብን የፈተና ማዕከል ነን" ማለት አለመሆኑን አላወቅኩም። ሁለት ተርም ካለፈ በኋላ ልጄ የምትማርበት መጽሐፍ የኬንያ መንግሥት ካሪኩለም ፎቶ ኮፒ መሆኑን አየሁ፣ የሒሳብ አስተማሪዋ በዓመቱ ውስጥ ሦስቴ ተቀየረ፣ አይጂሲኤስኢ የሚባለውን የካምብሪጅ የሁለተኛ ደረጃ ፈተና የት ነው የሚፈተኑት ብዬ ስጠይቅ "ሌላ ቦታ በግል ይፈተናሉ" አሉኝ።

ስናስወጣት 3,400 ዶላሩ በቃ ቀልጧል። ቀጥላ የገባችበት ትምህርት ቤት የመግቢያ ፈተና ሰጥቷት አንድ ክፍል ወደኋላ መለሳት፣ ስድስት ወር ቅዳሜ ቅዳሜ ሒሳብና እንግሊዝኛ አስጠኚ ቀጠርንላት፣ ያም ገንዘብ ነው። ከገንዘቡ በላይ ግን ልጅቷ "እኔ ደደብ ነኝ ወይ እማዬ" ያለችኝ ቀን እስካሁን ከሆዴ አልወጣም።

ስለዚህ ምንም ሳትከፍሉ ሁለት ነገር ጠይቁ። አንደኛ የካምብሪጅ ሴንተር ቁጥራቸውን፣ ከዛ ካምብሪጅ ራሱ ድረ ገጽ ላይ ትምህርት ቤቱን ፈልጉ፣ ከሌለ የለም ነው። ሁለተኛ፣ የአሜሪካ ካሪኩለም ከሆነ አክሬዲቴሽን (የጥራት ዕውቅና) የሰጣቸው ማን እንደሆነ ጠይቁ። ኤሲኤስአይ የሚባለው የክርስቲያን ትምህርት ቤቶች ማኅበር አባል መሆንና በሱ አክሬዲት መደረግ ሁለት የተለያየ ነገር ነው፣ አባልነት ክፍያ ከፍሎ መግባት ነው፣ አክሬዲቴሽን ግን መጥተው ፈትሸው ነው። ብዙዎቹ የአባልነቱን ሎጎ ለጥፈው ዝም ይላሉ፣ እኛም የታለልነው በሎጎ ነው።

አዳሪን በተመለከተ ሰው ሁሉ የሚያነሳው ከናይሮቢ ወጣ ብሎ ኪጃቤ ያለውን ሪፍት ቫሊ አካዳሚን ነው። በፈረንጅ አቆጣጠር በ1906 አፍሪካ ኢንላንድ ሚሽን የሚባለው የሚሲዮን ድርጅት ያቋቋመው ነው፣ የአሜሪካው ፕሬዚዳንት የነበረው ቴዎዶር ሩዝቬልት በ1909 የመሠረት ድንጋይ ያኖረለት፣ ትምህርቱ የአሜሪካ ነው፣ ጥራቱን የሚጠራጠር አላጋጠመኝም። ግን የተሠራው በየገጠሩ ለሚያገለግሉ ሚሲዮናውያን ልጆች ነው፣ ቅድሚያውም ለነሱ ነው፣ እኛ እንደፈለግን የምንገባበት አይደለም። ሦስት ወር ተምረው አንድ ወር ወደ ቤት ስለሚመለሱ እናንተ ጅማ ቁጭ ብላችሁ ልጁን ከላካችሁ በዓመት ሦስት ጊዜ ከናይሮቢ አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ ጅማ ደርሶ መልስ ትኬት አለ፣ ይሄን ማንም ደምሮ አይነግራችሁም። ናይሮቢ አብራችሁ የምትኖሩ ከሆነ ደግሞ ልጅን ከአጠገብ አውጥቶ አዳሪ መክተት ለኔ ምንም ጥቅም አይታየኝም።

ከተመላላሾቹ በደንብ የሚታወቀው ሮስሊን አካዳሚ ነው፣ እሱም የአሜሪካ ካሪኩለም፣ ክፍያው ግን ድርጅት ለሚከፍልለት ሰው ነው። እኛ በመጨረሻ ያስገባናት ትንሽ የእንግሊዝ ካሪኩለም ትምህርት ቤት ነው፣ 4,500 ያልኩት እሱ ነው። በዚህ ዋጋ ላይ ግን ባስ፣ ምሳ፣ ዩኒፎርም፣ ለአዲስ ተማሪ የልማት መዋጮ የሚሉት፣ የእንግሊዝኛ ድጋፍ ክፍለ ጊዜ ይጨመራል፣ የአይጂሲኤስኢ ፈተና ደግሞ በየትምህርት ዓይነቱ ለብቻው ይከፈላል። "ጠቅላላ በዓመት ከኪሴ የሚወጣው ስንት ነው?" በሉና በጽሑፍ ተቀበሉ።

ብሩንም አስቡት። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር ለገበያ ሲለቀቅ 57 ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 አለፈ፣ ዛሬ ከ150 በላይ ነው። ያው 4,500 ዶላር ድሮ 256,500 ብር ነበር፣ በ150 ስታሰሉት 675,000። ባለቤቴ ደሞዙ በሽልንግ ስለነበር ተረፍን እንጂ ከጅማ በብር የሚልኩ ወዳጆቻችን ልጃቸውን በተርሙ መሃል አስወጥተዋል። በዶላር ሳይሆን በሽልንግ የሚያስከፍል ካገኛችሁ እሱን ምረጡ፣ በተርም የሚከፈል ከሆነም የዓመቱን አንዴ አትክፈሉ።

ለኦርቶዶክስ ቤተሰብ አንድ ነገር ልጨምር። "ክርስቲያን" የሚለው እዛ ባብዛኛው የፕሮቴስታንት ነው፣ ሲያስመዘግቡ የሚያስፈርሙት የእምነት መግለጫ አለ፣ አንብቡት። እኔ አንብቤ የማላምንበትን ነጥብ ነግሬያቸው በአክብሮት ነው የተቀበሉኝ፣ ልጄም መጽሐፍ ቅዱስ በደንብ አወቀች፣ እሁድ እሁድ ደግሞ ወደኛ ቤተ ክርስቲያን እወስዳታለሁ። ሁዳዴ ሲገባ 55 ቀን ሙሉ ሽሮ በምሳ ዕቃ ቋጥሬላታለሁ፣ እንጀራውን ናይሮቢ ካለው ኢስሊ ሰፈር እየገዛሁ። አዳሪ ብትሆን ይሄን ማን ያደርግላት ነበር? ገና ታኅሣሥ 29 ሲሆን እዛ ትምህርት የሚከፈትበት ሰሞን ነው፣ አስቀድማችሁ ፈቃድ ጠይቁ፣ እኛን አንድም ዓመት አልከለከሉንም።

ከአገር ሳትወጡ የልደት ሰርተፍኬቱንና የትምህርት ማስረጃውን በሚመለከተው መሥሪያ ቤት አረጋግጡ። ኬንያ ለመግባት ቪዛ ባያስፈልገንም ልጁ ለመማር የተማሪ ፓስ (የመማሪያ ፈቃድ) ያስፈልገዋል፣ ትምህርት ቤቱ እንዲያግዛችሁ ጠይቁ። የውጭውን ሪፖርት ካርድ በሙሉ አስቀምጡ፣ ስትመለሱ አቻ ግምት ትጠየቃላችሁ፣ የመጀመሪያው ትምህርት ቤት የሰጠን ወረቀት እዚህ ማንም አልተቀበለውም።

ለጎረቤቴ የነገርኳት ይሄን ነው። ልጇ ዘንድሮ 8ኛ ጨርሷል፣ የእንግሊዝ ካሪኩለም ላይ የኛ 9ኛ ዪር 10 ነው የሚባለው፣ ዪር 9 ስላሉት 9ኛ ገባ ብላ እንዳትሸወድ። አይጂሲኤስኢ ደግሞ ከዪር 10 ጀምሮ ሁለት ዓመት ነው፣ መሃል ላይ መግባት ልጁን ይጎዳል። ትምህርት በነሐሴ መጨረሻ ወይ በመስከረም ስለሚከፈት ባሏ ቀድሞ ሄዶ ቤት ሳይከራይ ትምህርት ቤቱን ይይ፣ ቤቱን ከዛ አጠገብ ይፈልግ፣ በናይሮቢ ትራፊክ ልጅ ሌሊት 11 ሰዓት ተነስቶ ባስ ሲጠብቅ አይቻለሁ።